አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚያርፍ የነዳጅ መለኪያ

በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የሚታይ ብልሽትና የምርመራው ሥርዓት

በኬንያዋ ሞያሌ ነዳጁን ሞልቶ ወደ ማርሳቢት የሚጓዝ ነጂ 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከፊቱ ይጠብቀዋል። የሶሎሎን መገንጠያና የቱርቢን መንደር ካለፈ በኋላ በዲዳ ገልገሉ ሜዳ ላይ የሚያየው ጥቁር ድንጋይ፣ የሚርገበገብ ሙቀትና አልፎ አልፎ የሚያቋርጥ የግመል መንጋ ነው። በዚህ ሥፍራ ነዳጅ ያለቀበት ሰው ጉዳቱ የጉዞ መዘግየት ብቻ አይደለም። አብረውት የተሳፈሩት ሕፃናት፣ አረጋውያንና ወደ ሐኪም የሚወሰዱ በሽተኞች ጥላና ውኃ በሌለበት ሜዳ ላይ ይቀራሉ ማለት ነው። ስለዚህ በዛሬው ሐተታችን የምንመለከተው በክሩስኮት ላይ የምትገኘውን፣ ብዙ ጊዜ የሚናቅባትን፣ ነገር ግን የመንገደኛን ዕጣ የምትወስነውን የነዳጅ መለኪያ ይሆናል።

እንደሚታወቀው ሞያሌ በድንበር ለሁለት የተከፈለች፣ በንግድና በዝምድና ግን አንድ የሆነች ከተማ ናት። ከኢሲዮሎ ተነሥቶ ሞያሌ የሚደርሰው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ2009 ዓ.ም. ገደማ አስፋልት ለብሶ ከመጠናቀቁ በፊት ተሽከርካሪዎች እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ በሠራ ጠጠር ላይ እየተንቀጠቀጡ፣ ሽፍታን በመፍራትም ብዙ ጊዜ በአጀብ እየተጠበቁ ቀናት ይጓዙ ነበር። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በይፋ ተመርቋል። ይሁን እንጂ በዚያ በጠጠሩ ዘመን ያገለገሉ ላንድ ሮቨሮች፣ ላንድ ክሩዘሮችና የጭነት መኪናዎች ሁሉ በአስፋልቱ አልታደሱም። የዓመታቱ መንቀጥቀጥ ያላላው ብሎን፣ አቧራው የሸፈነው መገናኛ፣ ዝገቱ የበላው ሽቦ አሁንም በውስጣቸው አለ። የነዳጅ መለኪያ መወላወል አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ከቆመ መለኪያ የሚወላውል ይከፋል

ፈጽሞ የማይሠራ መለኪያ ማንንም አያታልልም። ባለመኪናው መሞቱን ስለሚያውቅ ነዳጁን በእንጨት ይለካል፣ ኪሎ ሜትሩን ይመዘግባል፣ ጀሪካን ይጭናል። አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚያርፈው መለኪያ ግን እውነት በተናገረበት ቀን ያገኘውን አመኔታ በሐሰት በተናገረበት ቀን ይጠቀምበታል። ነጂው ጠዋት ትክክል ያሳየውን ቀስት ከሰዓት በኋላም አምኖ ይጓዛል።

ስሌቱን እንመልከት። አጭሩ ላንድ ሮቨር ከመቀመጫው ሥር ያለው ሰርባቶዮ 45 ሊትር ቤንዚን ይይዛል። መኪናው ያረጀና የተጫነ ሆኖ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 16 ሊትር የሚፈጅ ቢሆን እስከ ማርሳቢት 40 ሊትር ያስፈልገዋል። እንግዲህ እስከ አፉ ተሞልቶ ከሞያሌ ቢነሣ እንኳ ሲደርስ የሚተርፈው 5 ሊትር ብቻ ነው። ቀስቱ ከእውነተኛው ነዳጅ የሰርባቶዮውን አንድ ስምንተኛ ያህል አብልጦ ቢያሳይ ስሕተቱ ከ5 ሊትር ይበልጣል። ይኸውም የመጠባበቂያው ነዳጅ በሙሉ በመለኪያው ላይ ብቻ የሚገኝ፣ በሰርባቶዮው ውስጥ ግን የሌለ ይሆናል ማለት ነው።

አሠራሩ

ብልሽትን ለማግኘት አስቀድሞ አሠራርን ማወቅ ያስፈልጋል። በሰርባቶዮው ውስጥ በክንድ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊ አለ። ነዳጁ ሲጨምር ይነሣል፣ ሲቀንስ ይወርዳል። የክንዱ ሌላ ጫፍ በቀጭን ሽቦ በተጠመጠመ ሰሌዳ ላይ እየተንሸራተተ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበትን የሽቦ ርዝመት ያሳጥራል ወይም ያስረዝማል። ሽቦው ሲረዝም ኤሌክትሪኩን የሚገታው ኃይል፣ ማለትም ሬዚስታንሱ፣ ይበዛል። በብዙዎቹ የእንግሊዝ ሥሪት መኪናዎች ሰርባቶዮው ባዶ ሲሆን ሬዚስታንሱ ወደ 240 ኦም፣ ሲሞላ ከ20 እስከ 30 ኦም ያህል ነው። በቶዮታ ላንድ ክሩዘር 40 ደግሞ ባዶው ከ100 ኦም ጥቂት ከፍ ይላል፣ ሙሉው ወደ 17 ኦም ይወርዳል።

ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ይነሣና በመነሻው ቁልፍና በፊውዙ በኩል ወደ ክሩስኮቱ መለኪያ ይደርሳል። ከዚያ በአንድ ሽቦ ወደ ሰርባቶዮው ይወርድና በተንሸራታቹ ክንድ አልፎ በመኪናው የብረት አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። ኤሌክትሪሺያኖች ማሳ የሚሉት ይህንን የመመለሻ መንገድ ነው። ከእነዚህ መገናኛዎች አንዱ እንኳ ቢላላ ቀስቱ ይወላውላል።

በብዙ አሮጌ መኪናዎች ውስጥ ቀስቱን የሚያንቀሳቅሰው በሁለት ዓይነት ብረት የተሠራና ሲሞቅ የሚታጠፍ ስስ ዝርግ ነው። እርሱም በዝግታ ስለሚሞቅና በዝግታ ስለሚበርድ ነዳጁ በተናወጠ ቁጥር ቀስቱ አይዘልም። ይህ ዓይነቱ መለኪያ የባትሪው ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል እንዳይሳሳት የቮልቴጅ ማረጋጊያ ይጨመርለታል። በእንግሊዞቹ መኪናዎች ማረጋጊያው የሚሰጠው በአማካይ 10 ቮልት ሲሆን የሞተሩን ሙቀት መለኪያም የሚመግበው እርሱ ነው። በላንድ ክሩዘር 40 ግን ማረጋጊያው ራሱ በነዳጅ መለኪያው ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄ

የአገራችን ሰው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል። ጥሩ መካኒክ ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ባለመኪናውን ይጠይቃል። «ጋሼ፣ የነዳጁ ቀስት ሲወድቅ የሙቀቱስ አብሮ ይወድቃል? የሚወድቀው ሲሞላ ነው ወይስ ሲጎድል? በኮረኮንች ላይ ነው ወይስ በአስፋልትም?» እነዚህ ጥያቄዎች የግማሽ ቀን ድካም ያስቀራሉ።

የነዳጁም የሙቀቱም ቀስት በአንድነት የሚወላውሉ ከሆነ ሰርባቶዮውን ማውረድ ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱ የሚጋሩት ፊውዙን፣ ከቁልፉ የሚመጣውን ሽቦና የቮልቴጅ ማረጋጊያውን ስለሆነ ብልሽቱ ያለው እዚያ ነው። ሁለቱም በአንድነት ከመጠን በላይ ከፍ ካሉ አብዛኛውን ጊዜ የማረጋጊያው ማሳ ስለላላ የባትሪው ሙሉ ኃይል ሳይገታ እያለፈ ነው። ሁለቱም በአንድነት ከወደቁ ደግሞ ኃይል አልደረሳቸውም። የነዳጁ ቀስት ብቻ የሚታመም ከሆነ ግን ምርመራው ወደ ሰርባቶዮውና ወደ ሽቦው ያመራል።

የቀስቱ ጠባይ የሚናገረው

ቀስቱ በኮረኮንች ላይ ወድቆ መኪናው ሲቆም የሚመለስ ከሆነ የላላ መገናኛ ወይም የላላ ማሳ አለ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ግማሽ ሲደርስ፣ ወደ ባዶ ወድቆ ነዳጁ ሲቀንስ እንደገና የሚነሣ ከሆነ የተጠመጠመው ሽቦ በዚያ ቦታ ተበልቷል ወይም ተበጥሷል። ነጂ በአብዛኛው በአንድ የነዳጅ መጠን ላይ ደጋግሞ ስለሚጓዝ ተንሸራታቹ ክንድ ያንን ሥፍራ ለይቶ ይበላዋል። ቀስቱ ለረጅም ጊዜ በሙሉ ላይ ቆሞ ድንገት የሚወርድ ከሆነ ተንሳፋፊው በሆነ ነገር ተይዞ እየተለቀቀ ነው። መኪናው እንደተሞላ ትክክል አሳይቶ ውሎ አድሮ እያነሰ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ተንሳፋፊው ተቀድዶ ነዳጅ እየገባበት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገንዘብ እንወዳለን። በሙቀት የሚሠራው መለኪያ ዝግተኛ በመሆኑ ለአንድ ሰኮንድ ያህል የተቋረጠን ኤሌክትሪክ አያሳይም። ስለዚህ ቀስቱ ሳይንቀሳቀስ ቢቆይ መገናኛው ጤናማ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ጊዜያዊውን መቋረጥ ለመያዝ ከቀስቱ ይልቅ ቴስተር ይሻላል።

ምርመራው በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ፊውዙን አውጥቶ ጫፎቹንና መያዣውን ማጽዳት ያስፈልጋል። ያልተቃጠለ ፊውዝ እንኳ በላላ መያዣ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል።

በሁለተኛ ደረጃ የመኪናውን ማሳ መመርመር ነው። ይህ በአሮጌ መኪና ላይ ከሁሉ የሚበዛው ምክንያት ሲሆን ጥገናውም ቀላል ነው። ሰርባቶዮው በቀለም፣ በጎማና በዝገት ከሻንሲው ተለይቶ የሚቀመጥ በመሆኑ የኤሌክትሪኩ መመለሻ በጥቂት የዛጉ ብሎኖች ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ከሰርባቶዮው መለኪያ ክዳን እስከ ንጹሕ የሻንሲ ብረት አንድ ጊዜያዊ ሽቦ አጥብቆ ማሰርና ከዚያ በኋላ ቁልፉን መክፈት ይቻላል። ቀስቱ ከተረጋጋ ምርመራው አልቋል። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ አሽቶ፣ ቋሚ ሽቦ በብሎን አጥብቆ፣ ዝገት እንዳይመለስ በግራሶ መቀባት ይበቃል።

በሦስተኛ ደረጃ ሽቦውን መመርመር ይከተላል። ሽቦው ከሰርባቶዮው መለኪያ ተነቅሎ ማንንም ሳይነካ ሲቀመጥ በብዙዎቹ መኪናዎች ቀስቱ ወደ ባዶ መውረድ አለበት። ቁልፉ ተዘግቶ የዚያ ሽቦ ጫፍ ከሰርባቶዮው አፍ ርቆ ከማሳ ጋር ታስሮ ቁልፉ ለጥቂት ሰኮንዶች ሲከፈት ደግሞ ቀስቱ ወደ ሙሉ መነሣት አለበት። በአንዳንድ የአሜሪካ ሥሪቶች ነገሩ የተገለበጠ ስለሆነ ባለሙያው የመኪናውን መመሪያ ማየት ይኖርበታል። ቀስቱ ሙሉ ላይ እንደደረሰ ቁልፉን መዝጋት ግዴታ ነው፤ አለዚያ መለኪያው ይቃጠላል። በዚህ ሙከራ ቀስቱ ሁልጊዜ የሚታዘዝ ከሆነ ክሩስኮቱና ሽቦው ደኅና ናቸው፤ አንዴ እየታዘዘ አንዴ እንቢ የሚል ከሆነ ግን ሽቦው በሻንሲው ጥግ የታሸበት፣ በበር ሥር የተቀጠፈበት ወይም በቀድሞ ጥገና የተቋጠረበት ቦታ ይፈለግ።

በአራተኛ ደረጃ የሰርባቶዮው መለኪያ ራሱ ይመረመራል። ሽቦው እንደተነቀለ ቴስተሩ በኦም ላይ ይደረግና አንዱ ጫፍ በመለኪያው መገናኛ፣ ሌላው በክዳኑ ብረት ላይ ይያዛል። ከዚያ አንድ ረዳት መኪናውን ከኋላ ይወዝውዘው። ቁጥሩ ከነዳጁ መናወጥ ጋር በዝግታ ከፍ ዝቅ ቢል ጤናማ ነው። ድንገት ወሰን ወደሌለው ከፍታ ዘልሎ ቢመለስ ተንሸራታቹ ክንድ ከሽቦው ላይ እየተነሣ ነው።

ሰርባቶዮ ሲከፈት

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ቤንዚን ራሱ ሳይሆን ተኑ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ይፈነዳል። ባዶ የሚመስል ሰርባቶዮ ከሞላው የበለጠ አደገኛ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። በመሆኑም ሥራው በደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሠራ። የባትሪው ኔጋቲቭ አስቀድሞ ይነቀል። ሲጋራ፣ ክብሪትና የከሰል ምድጃ ከአካባቢው ይራቁ። እሳት ማጥፊያ ወይም አሸዋ የሞላ ባልዲ በቅርብ ይቀመጥ። ክዳኑን የሚይዘውን ቀለበት ለማዞር የብረት መዶሻ ሳይሆን ብልጭታ የማይሰጥ የእንጨት ወይም የነሐስ መምቻ ይያዝ። ውስጡን ለማየት ክብሪት የጫረ ሰው ያየውን ለመናገር አይተርፍም።

መለኪያው ከወጣ በኋላ ተንሳፋፊው በጆሮ አጠገብ ይወዝወዝ። ውስጡ የፈሳሽ ድምፅ ከተሰማ ተቀድዷል። የነሐስ ተንሳፋፊ በሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር የተቀደደው ቦታ አረፋ ያወጣል። ነዳጅ ያለበትን ተንሳፋፊ በእሳት መበየድ ግን የሚያፈነዳ ስለሆነ በአዲስ መለወጥ ይመረጣል። ቀጥሎ ክንዱ ከታች ወደ ላይ በዝግታ ሲነሣ ቴስተሩ ይታይ። በመንገዱ ላይ ቁጥሩ የሚዘልበት ቦታ የሽቦው ቁስል ያለበት ነው። ቆሻሻ ብቻ ከሆነ በአልኮል ይጸዳል። ሽቦው የተበጠሰ ከሆነ ግን ጥገናው ብዙ ስለማይዘልቅ መለኪያው ይለወጥ። ሲመለስም አዲስ ጓርኒሲዮን ይደረግለት።

ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ዕቃ የሚገዛ ቤንዚን ውኃና አቧራ ይዞ ስለሚገባ ሰርባቶዮውንም መለኪያውንም ያዝጋል። ይህንን ጉዳት በንጹሕ ጨርቅና በወንፊት ማጥለል በከፊል ይቀንሰዋል።

መለኪያው ያልዋሸበት ጊዜ

ተሽከርካሪ በቆመ ቁጥር ጥፋቱን በመለኪያው ላይ መጫንም ትክክል አይደለም። ቀስቱ ሩብ እያሳየ ሞተሩ የጠፋ መኪና ነዳጅ ኖሮት ነዳጁ ሳይደርሰው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እንደቆመ የሰርባቶዮው ክዳን ሲከፈት አየር እየፏጨ የሚገባ ከሆነ የመተንፈሻው ቀዳዳ ተደፍኗል። በሰርባቶዮው ውስጥ ያለው መምጠጫ ቱቦ ከሥሩ ከተሰበረ ደግሞ ከስብራቱ በታች ያለው ነዳጅ አይቀዳም። ሰርባቶዮውን በእንጨት ለክቶ ከቀስቱ ጋር ማስተያየት ሁለቱን ጉዳዮች ይለያል።

ጥገናው እስኪፈጸም

ቀድሞ ያለ መለኪያ የተጓዙ ብዙ ናቸው። ጥንዚዛ የምትመስለው ፎልክስዋገን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1961 ድረስ የነዳጅ መለኪያ አልነበራትም። ነዳጁ ሲያልቅ ነጂው በእግሩ ሥር ያለውን መዝጊያ አዙሮ 5 ሊትር ገደማ የሆነውን መጠባበቂያ ይከፍት ነበር። ዛሬም ያው ዘዴ ይሠራል። ንጹሕና ደረቅ እንጨት ወስዶ፣ ሰርባቶዮው ባዶ ሳለ 5፣ 5 ሊትር እየጨመሩ በየደረጃው በቢላዋ ምልክት ማድረግ ነው። በዚህ ዓይነት የተዘጋጀ የመለኪያ እንጨት ኤሌክትሪክ ስለሌለው አይወላውልም። መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ መለካት ግን አለበት።

ከዚህ በተጨማሪ ነጂው በሞላ ቁጥር የቆጣሪውን ኪሎ ሜትርና የቀዳውን ሊትር በደብተር ይመዝግብ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መኪናው በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ቀስቱ ሲዋሽ ይነቃበታል። በሠራዊት ተሽከርካሪዎች የጉዞ መዝገብ የሚያዝበት አንዱ ጥቅም ይኸው ነው።

መጠባበቂያም ይጫን። በየካቲት 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ጦር ኢጣሊያኖችን ከሜጋና ከሞያሌ ያስለቀቀው በማርሳቢት አቅጣጫ በጭነት መኪናዎች በረሃውን አቋርጦ ነው። በዚያ ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ሠራዊት ይጠቀምበት የነበረው ስስ ቆርቆሮ በመንገዱ ንቅናቄ እየተቀደደ ብዙ ነዳጅ ያፈስስ ስለ ነበር ወታደሮቹ ከጀርመኖች የማረኩትን ጠንካራ ባለ20 ሊትር ዕቃ መረጡ። እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ ስለ ነበር ዕቃውም ጀሪካን ተባለ። አንድ ደኅና የብረት ጀሪካን ቀደም ብለን ያሰላነውን 5 ሊትር ወደ 25 ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን ከተሳፋሪዎች ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳይሆን በውጭ በኩል በሚገባ ታስሮ ይጫን።

ከላይ እንደዘረዘርነው የመለኪያ መወላወል በብዙ መኪናዎች ላይ ከአንድ ሽቦና ከአንድ ብሎን የማያልፍ ብልሽት ነው። ሳይጠይቁና ሳይመረምሩ አዲስ ዕቃ መግዛት ገንዘብን ያባክናል፤ አሮጌው የዛገ ማሳ እስካለ ድረስ አዲሱም መለኪያ ይወላውላል። እንግዲህ ባለመኪኖችም ሆኑ በሥራ ላይ ያሉ የሠራዊቱ ነጂዎች ከሞያሌ ከመነሣታቸው በፊት ፊውዙን፣ ማሳውንና ሽቦውን በዚሁ ቅደም ተከተል ይመልከቱ፤ የመለኪያ እንጨታቸውንም አይርሱ። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። በዲዳ ገልገሉ ፀሐይ ሥር ረዳት መኪና ሲጠብቁ የሚያልፈው ሰዓት ግን ከዚያ እጅግ ይረዝማል።